ጎርጎራ ላይ ላለች አሮጌ የሸራ ጀልባ ምን ዓይነት ሽቦ ይገዛል?

ባለፈው መስከረም አንድ ወዳጄ ከጎርጎራ ደወለልኝ። «አንተዬ፣ ሽቦው ተበጠሰብኝ!» አለኝ። የመብራት መስሎኝ «ታዲያ ለእኔ ምን ትደውላለህ፣ መብራት ኃይል ደውል እንጂ» አልኩት። ሳቀብኝ። የተበጠሰው የጀልባው ሽቦ ነው።

ጀልባዋ ስድስት ሜትር ገደማ ትሆናለች። አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ምሰሶዋ አሉሚኒየም ነው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስ። አንድ የውጭ ሰው ከዓመታት በፊት በጅቡቲ በኩል በጭነት መኪና አስመጥቷት ነበር፤ አገር ሲለቅ ለወዳጄ ሸጠለት። ጣና ላይ ታንኳም የሞተር ጀልባም ሞልቷል። ባለሸራ ግን ብርቅ ነው። እኔ አዘዞ ላይ ብየዳ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት መርከብ ላይ ስለሠራሁ ሽቦ ሲበጠስ የሚደወለው ለእኔ ነው።

በማግስቱ በቆላድባና በጩሂት አድርጌ ወረድኩ። ስደርስ ወዳጄ ውሳኔውን ጨርሶ ጠበቀኝ። «ስድስት ሚሊ እንግዛና እንገላገል» አለ። የነበረው አራት ሚሊ ነው። ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው። ሽቦ ተበጠሰ ማለት ቀጭን ነበር ማለት ይመስለዋል። የእሱ ጀልባ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። ለማየት መጀመሪያ ሽቦው ምን እንደሚሠራ እንረዳ።

የሠርግ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ምሰሶ ብቻውን አይቆምም። በየአቅጣጫው ገመድ ይወጠርለታል፣ ችካል ይመታለታል። ጀልባም እንደዚያው ነው። ከምሰሶው አናት ወደ ፊት አንድ፣ ወደ ኋላ አንድ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ደግሞ ሁለት ሁለት ሽቦ ይወርዳል። በድምሩ ስድስት። እነዚህ ቋሚዎቹ ናቸው። ሸራውን የሚሰቅሉትና የሚስቡት ተንቀሳቃሾቹ ደግሞ ፖሊስተር ገመድ ናቸው፤ ሲያልቁ ይታያሉ፣ ሲገዙም አያስቸግሩም። ስለዚህ ዛሬ አልነካቸውም። (ምሰሶውን የግእዝ ሰዎች «ደቀል» ይሉታል። ቆንጆ ቃል ነው። ጎርጎራ ላይ ግን ሁሉም ምሰሶ ነው የሚለው፣ እኔም እሱኑ እጽፋለሁ።)

ከድንኳን የሚለየው ችካሉ ነው። ለድንኳን ችካሉን ራቅ አድርገን እንመታለን። ጀልባ ግን ጠባብ ናት፤ ከጎኗ ውጭ ችካል የሚመታበት መሬት የለም። ስለዚህ ሽቦው ከምሰሶው ጋር የሚሠራው ማዕዘን በጣም ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ማዕዘን ሲጠብ ጭነት ይበዛል። በ10 ዲግሪ፣ ምሰሶውን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል 50 ኪሎ ቢሆን ሽቦው የሚሸከመው ወደ 290 ኪሎ ነው። ስድስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ቀጭኑ ሽቦ የሚሠራው ሥራ ይኼን ያህል ነው።

ታዲያ ለምን ወፍራም አናደርገውም? ጭነቱን የሚወስነው ሽቦው ስላልሆነ ነው። ነፋስ ሲበረታ የሸራ ጀልባ ትጋደማለች። በተጋደመች ቁጥር ሸራዋ የሚይዘው ነፋስ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ መጫን አይቻልም። ስለዚህ ሽቦው ላይ የሚመጣው ትልቁ ጭነት ጀልባዋ ላለመገልበጥ ባላት አቅም የተወሰነ ነው። የሠራት ሰው ይህን አስልቶ ነው አራት ሚሊ ያለው። አራት ሚሊ ጥሩ ስቴንለስ ሽቦ ከ12 እስከ 13 ኩንታል ገደማ ካልተሰቀለበት አይበጠስም። እንግዲህ ጤፍ በኩንታል እየቆጠራችሁ አስቡት።

ወፍራሙ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ጣጣም አለው። ክብደቱ ከላይ ነው የሚጨመረው፤ ትንሽ ጀልባ ደግሞ አናቷ ሲከብድ ትንገዳገዳለች። ስድስት ሚሊ ሽቦ ጫፉ ላይ ትልቅ መያዣ ይፈልጋል። ትልቁ መያዣ ወፍራም ፒን ይፈልጋል። ፒኑ በጀልባዋ ጎን፣ ሽቦው በሚታሰርበት ብረት ጆሮ አይገባም፣ ጆሮውን መብሳት ይመጣል። የተበሳ ጆሮ ደግሞ ይደክማል። አራት ሚሊውን ለማሻሻል ተነስታችሁ ጀልባዋን በሙሉ ስትቀይሩ ትገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1800 ሜትር ነው። አየሩ ሳሳ ይላል፤ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ከ15 በመቶ በላይ ባነሰ ኃይል ነው የሚገፋው። (ባህር ዳርቻ ስል ከተማዋን ባሕር ዳርን አይደለም፤ እሷማ የኛው ጣና ላይ ናት።) «እንግዲያው እናቅጥነው» እንዳትሉኝ ግን። ነፋሱ ትንሽ ቆይቶ ይሆናል እንጂ ያችው መጋደም ትመጣለች። ውፍረቱ እንደነበረ ይቆይ።

ቀጥሎ ዓይነቱ። ጎንደር አራዳ ዞሬ ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ሽቦ ነው። አንደኛው ግንባታ ላይ ዕቃ የሚያወጣው ግራሶ የተነከረ ገመድ ነው፤ መሐሉ ቃጫ ነው። ሁለተኛው የመብራትና የስልክ ምሰሶ በሰያፍ የሚወጠርበት ሰባት ክር ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት)። ሦስተኛው የሚያምር፣ እንደ ክር የሚተጣጠፍ ስቴንለስ። ወዳጄ ሦስተኛውን ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔ አልወደድኩትም።

ሽቦ ሲሸጥ በሁለት ቁጥር ነው የሚጠራው። ለምሳሌ ያ የሚተጣጠፈው 7 በ19 ነው፤ ይኸውም ሰባት ግምድ፣ እያንዳንዱ ግምድ 19 ክር ነው፤ በድምሩ 133 ቀጫጭን ክር። ስለዚህ ይለሰልሳል፣ በመዘውር ላይ ይሄዳል። 1 በ19 ደግሞ አንድ ግምድ ብቻ ነው፦ መሐል ላይ አንድ ክር፣ ዙሪያውን ስድስት፣ ከላይ 12። ደረቅ ነው፣ እምቢ ይላል፣ በጉልበት ነው የሚጠቀለል። ለቋሚ ሽቦ የሚፈለገው ይኸው እምቢታ ነው። እኩል ውፍረት ላይ እኩል ጭነት ብታደርጉ 7 በ19 ከ1 በ19 ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል። አቅሙም ያንሳል፤ አራት ሚሊው 9 ኩንታል ገደማ ነው። የሚለጠጥ ሽቦ የያዘው ምሰሶ በነፋስ ይወዛወዛል፣ የሚወዛወዝ ምሰሶ ደግሞ ሽቦውን መልሶ ይገርፈዋል። መሐሉ ቃጫ የሆነው ከሁሉም የባሰ ነው፤ ጭነት ሲመጣ ቃጫው ይጨመቃል፣ ገመዱ ይረዝማል። ናይለን ገመድማ አይነሳ።

ሻጩ ልጅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ማግኔት አወጣ። «ጋሼ፣ ይኸው እየው፣ ብዙም አይስበውም። ንጹሕ ስቴንለስ ነው» አለኝ። ልጁ አልዋሸም፣ ግን የማግኔት ፈተና ለሽቦ አይሆንም። ስቴንለስ ወደ ቀጭን ሽቦ ሲጎተት ጠባዩ ይቀየራል፤ ጥሩ የሚባለውም ትንሽ ማግኔት ሊይዝ ይችላል። ደረጃውን የምታውቁት ከፋብሪካው ወረቀት ነው። 304 እና 316 የሚባሉትን ትሰማላችሁ። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም አለበት፣ ጨውን የሚቋቋመውም በዚህ ነው። ጣና ጨው የለውም። ስለዚህ እዚህ 304 ቢገዛ ኃጢአት አይደለም። ዋጋቸው የሚቀራረብ ከሆነ ግን እኔ 316 ነኝ።

የመብራት ምሰሶ የሚወጠርበት ጋልቫናይዝድስ? እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎች እንደሚንቁት አልንቀውም። የድሮ ጀልባዎች በጋልቫናይዝድ ነው የኖሩት። አንድ ትልቅ ጸባይ አለው፦ ሊበጠስ ሲል ይዝጋል፣ ዝገቱም ይታያል። ስቴንለስ እስከ መጨረሻው እያብረቀረቀ ነው የሚከዳው። የጋልቫናይዝዱ ችግር የጫፉ አያያዝ ነው።

የወዳጄም ሽቦ የተበጠሰው እዚያው ጫፉ ላይ ነው። ሽቦውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። ከስድስት ሜትር በላይ ያለው አካሉ ደህና ነው፣ ያበራል። ከታች፣ በማሽን ተጨምቆ ቱቦ ውስጥ የገባበት ቦታ ላይ ግን ቡናማ የውኃ ዱካ አለ። ጥጥ ይዤ ቀሪዎቹን አምስት ሽቦዎች ከላይ እስከ ታች ጠረግኳቸው። ሁለቱ ላይ ጥጡ ተያዘ። ተጠግቼ ሳይ የተሰበረ ክር ጫፉን አውጥቶ እንደ እሾህ ቆሟል። ሁለቱም ከታችኛው መያዣ አንድ ጣት እንኳ አይርቁም።

ለምን ታችኛው ብቻ? ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ዝናቡም ጤዛውም ሽቦውን ተከትሎ ይወርድና ታችኛው ቱቦ አፍ ላይ ይጠራቀማል። የላይኛው ቱቦ አፉ ወደ ታች ስለሆነ ይንጠባጠባል። የታችኛው እንደ ብርሌ ሽቅብ ስለሚያይ ይሞላል። ስቴንለስ ደግሞ የማይዝገው አየር ሲያገኝ ነው፤ በኦክስጅን ነው ያቺን ስስ መከላከያ ልባሱን የሚሠራው። ቱቦ ውስጥ ታፍኖ፣ ረጥቦ ሲቆይ ልባሱ ይጠፋል። ጀልባዋ ጣና ከመምጣቷ በፊት ባህር ላይ ነበረች። ያኔ የገባ ጨው ከውስጥ ማን ያወጣዋል? በውጭ አገር ብዙ የጀልባ ኢንሹራንሶች የስቴንለስ ሽቦ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር የሚጠይቁት ለዚህ ነው። በጨው አልባ ውኃ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ታሪኩን የማታውቁት ሽቦ ከሆነ ግን ዕድሜ አትገምቱለት። አንዱ ከተበጠሰ ስድስቱም ይቀየሩ። ወዳጄ እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከረኝ፣ በኋላ ጥጡን ሳሳየው ዝም አለ።

ስለዚህ ለሽቦ የሚወጣው ገንዘብና ሐሳብ ከግማሽ በላይ ለጫፉ ይሁን። ምርጫዎቹ ጥቂት ናቸው።

በማሽን የተጨመቀው ጫፍ ጠንካራና ቀጠን ያለ ነው። ግን ልዩ ማሽን ይፈልጋል። እኔ ጋ የለም፣ ጎንደር ውስጥም አላየሁም። በመዶሻና በሞርሳ ጨምቄ እሠራለሁ የሚላችሁ ካለ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

በሁለት ዳዶ የሚታሰረው የዩ ቅርጽ መቆንጠጫ በየሱቁ አለ፣ ርካሽ ነው። ደረቁን 1 በ19 ግን አይይዝም፤ ሲታጠፍ ይጎዳል፣ ሲያዝም ያንሸራትታል። ለጋልቫናይዝድ ለስላሳ ገመድ፣ ለጊዜያዊ ሥራ ይሆናል። ስታስሩት አንድ ነገር አትርሱ፦ ጠፍጣፋው ኮርቻ ጭነት ባለው ረጅሙ ሽቦ በኩል፣ የዩው ጥምዝ ደግሞ በአጭሩ ትርፍ ጫፍ በኩል ይሁን። ጎንደር ውስጥ ካየኋቸው ገሚሱ ተገልብጠው ነው የታሰሩት።

ሦስተኛው እኔ የመረጥኩት ነው። በተራ መፍቻ የሚገጠም መያዣ። ስታሎክ የሚባለው አንዱ ነው፣ ሌሎችም አሉ። አሠራሩ ደስ ይላል። የሽቦውን ጫፍ በሴጌቶ ቀጥ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ። የመያዣውን ሶኬት መጀመሪያ ታስገባላችሁ፤ ከረሳችሁ ሁሉንም እንደገና ነው። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ የላይኞቹን 12 ክሮች እንደ አበባ ትከፍታላችሁ። መሐል ሰባቱ ይቀራሉ፣ አንዱና ስድስቱ። በሰባቱ ላይ ትንሽ ኮን ትሰካላችሁ። 12ቱን መልሳችሁ በኮኑ ዙሪያ እኩል ታስተኛላችሁ። ኮኑ ጎን ላይ ስንጥቅ አለ፤ አንድ ክር እዚያ ውስጥ ከገባ ሥራው ተበላሸ። ቀስ ብላችሁ በጣት እየዳሰሳችሁ ነው። ከዚያ ሶኬቱን ትስቡና ታጠብቃላችሁ። ሽቦው በተጎተተ ቁጥር ኮኑ ክሮቹን ይበልጥ ይነክሳቸዋል። አንዴ ፈትታችሁ ክሮቹ እኩል ተኝተው እንደሆነ ታያላችሁ፣ ሲሊኮን ትሞሉበታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። ሲሊኮኑ ውኃ የሚተኛበትን ባዶ ቦታ ይነጥቃል። ከዓመታት በኋላ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተጨመቀው ይህን አይፈቅድም።

ወደ ውጭ አገር የላክነው ትእዛዝ እንግዲህ እንዲህ ሆነ፦ 1 በ19፣ 316፣ አራት ሚሊ፤ የላይኛው ጫፍ እዚያው ውጭ በማሽን ተጨምቆ ይምጣ፣ የታችኛው ረዘም ብሎ ክፍት ይሁን፣ በመፍቻ የሚገጠመውን እኛ እዚህ እንገጥማለን። ይህ ልኬት ላይ መሳሳትንም ያድናል። ስድስቱ ሽቦ በድምሩ 40 ሜትር አይሞላም፣ ክብደቱም ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። የወዳጄ እህት ከውጭ ስትመጣ በሻንጣ ይዛው ገባች። ከበርበሬ ያነሰ ቦታ ነው የያዘው። በርበሬው የሚሄደው በሌላ አቅጣጫ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለማነጻጸር ያህል ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት ግን ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) አውጡ። አሮጌ ጀልባ ብዙ ጊዜ የኢንች ልጅ ነው። ሦስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች የሚባለው 4.76 ሚሊ ነው። ዓይን አምስት ሚሊ ይለዋል፣ መያዣው ግን አይለውም። አንድ ስምንተኛ ኢንች ደግሞ 3.18 ሚሊ ነው፣ ልክ ሦስት ሚሊ አይደለም። ስትለኩ በክሮቹ ጉብታ ላይ፣ ወፍራሙን ልክ ውሰዱ። ፒኖቹንም ለኩ። ስምንት ሚሊ ፒን ዘጠኝ ሚሊ ቀዳዳ ውስጥ ከተጫወተ ጭነቱ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ጆሮውን እየበላ ይሄዳል። ርዝመቱን ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል፣ ሽቦውን መሬት ላይ ወጥራችሁ ለኩ። ከሽቦው ታች ያለው መወጠሪያ ብሎን ግማሽ ተከፍቶ ይሁን። ከመወጠሪያው በታች በሁለት አቅጣጫ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ከሌለ አብራችሁ እዘዙ። ሽቦ ሲወዛወዝ መታጠፍ ያለበት እሱ ነው። ከሌለ የሚታጠፈው ሽቦው ራሱ ነው፣ ያውም መያዣው አፍ ላይ።

የጎኑን ብረት ጆሮም ውስጥ ድረስ ተከተሉት። ከላይ የሚያብረቀርቅ ሆኖ ከወለሉ ሥር የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። የእኛው ደህና ነበር።

ስለ አዲሱ የዳይኒማ ገመድ (በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር ነው) የሚጠይቁኝ አሉ። ከብረት በጣም ይቀላል፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጫፉም ያለ ማሽን በእጅ እየተጎነጎነ ይሠራል፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ከእኔ ፈጥና ትማረዋለች። ለሩቅ አገር መልካም ነው፣ አልክድም። ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛ፣ ጭነት ላይ ሲቆይ ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚመረጠው ለመበጠስ አቅሙ ሳይሆን ላለመርዘም ነው፣ ከሽቦው ወፈር ይላል። ሁለተኛ፣ የኛ ፀሐይ። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጣና ላይ ጀልባዋ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ናት። በዚያ ላይ የአሮጌ ጀልባ ብረት ሸካራ ነው፣ ይፈትገዋል። አዲስ ዕቃ ከተገጠመለት፣ ሸፈን ከተደረገለት ይሁን። በአሮጌው ዕቃ ላይ አልገጥመውም።

የገጠምነው ኅዳር ላይ ነው። ምሰሶውን ሦስት ሆነን አወረድነው። በአሮጌ ሽቦ በቆመ ምሰሶ ላይ ሰው አይወጣም፣ በምንም ምክንያት። ስንመልሰው አንድ ሽማግሌ ከደንገል ታንኳቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና «ይቺ ነገር በክር ነው እንዴ የምትቆመው?» አሉ። «አዎ አባቴ፣ በክር ነው» አልኳቸው።

የቀረው መወጠር ነው። እዚህ ጋ ሰው በጣቱ ደንገር እያደረገ እንደ ክራር ይቃኛል። የተሻለ መንገድ አለ፣ ወጪውም አንድ ጣውላ ነው። ልክ ሁለት ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ውሰዱ። ሽቦው ገና ሲላላ የእንጨቱን የላይኛውን ጫፍ በፕላስተር ከሽቦው ጋር እሰሩት። የታችኛው ጫፍ ነጻ ይሁን። ከእንጨቱ ታችኛ ጫፍ እስከ መያዣው አፍ ያለውን ክፍተት በካሊፐር ለኩና ጻፉት። አሁን መወጠሪያውን አዙሩ። ሽቦው ሲለጠጥ ክፍተቱ ይሰፋል። 1 በ19 ሽቦ ላይ፣ በሁለት ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊ ከተለጠጠ የመበጠሻ አቅሙን 5 በመቶ ተሸክሟል ማለት ነው። ለጎኖቹ ዋና ሽቦዎች ከ15 እስከ 20 በመቶ ይበቃል፤ ማለትም ከሦስት እስከ አራት ሚሊ። በሦስት ሚሊ የእኛ ሽቦ ሁለት ኩንታል ገደማ ተወጥሯል። ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ፣ ጥቂት ጥቂት አዙሩ፤ አንዱን ብቻ ከወጠራችሁ ምሰሶው ይጎብጣል። ሽቦው ወፍራምም ቀጭንም ቢሆን ስሌቱ ያው ነው። መርከብ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቼ ይህን የተማርኩት ከወረድኩ በኋላ መሆኑ ያናድደኛል።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ወጣን። በነፋሱ ተቃራኒ በኩል ያለው ሽቦ ትንሽ ላላ አለ፣ ግን አልተንዘላዘለም። ልክ ነው ማለት ነው። ከሁለትና ከሦስት ጉዞ በኋላ አዲሱ ሽቦ ስለሚቀመጥ እንደገና ለካን፣ ሩብ ዙር ጨመርን። ፒኖቹ እንዳይወጡ የሚቆልፉትን ኮፒሊያዎች ጫፋቸውን ከፈትን፣ ሸራ እንዳይቀዱ በፕላስተር ጠቀለልናቸው።

አሮጌው ሽቦ አልተጣለም። የወዳጄ ባለቤት ልብስ ማስጫ ልታደርገው ፈለገች። እሾህ ያወጡትን ክሮች በፒንሳ ቆርጬ ሰጠኋት። 12 ኩንታል ባይችልም እርጥብ ጋቢ አያቅተውም።